የሚከፈልለት ሰርቪስና የሚታለፍ ሰርቪስ፦ ለጎጃም መንገድ የመኪና ጥገና ንጽጽር

ጋራዥ ገብተው «ሙሉ ሰርቪስ» ካሉ የሚቀርብልዎት ሂሳብ አሥር ያህል መስመር አለው። የሞተር ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የሞተር ፍላሽ፣ የኢንጄክተር እጥበት፣ የፍሬን ጽዳት፣ አላይመንት፣ ግራሶ፣ የሞተር እጥበት። ከእነዚህ መኪናውን በእውነት የሚያቆዩት ግማሽ ያህሉ ናቸው። የቀሩት ወይ ጊዜያቸው አልደረሰም፣ ወይ ሕመም ሲታይ ብቻ የሚሠሩ ናቸው፣ ወይ ደግሞ ባይነኩ ይሻላል። የሚገርመው፣ ለጎጃም መንገድ ከሁሉም የሚቀድሙት ሦስቱ፣ ማለትም የፍሬን ዘይት፣ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) እና የራዲያተር ታፖ (ክዳን)፣ ከዝርዝሩ የሚጠፉበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለመምረጥ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ይህ ባይሠራ የሚበላሸው ምንድን ነው? የሚበላሸውን መልሶ ለመሥራትስ የሰርቪሱን ስንት እጥፍ ያስወጣል? የአንድ ታፖ ዋጋ ከአንድ የቴስታታ (የሞተር ራስ) ሥራ ጋር ሲተያይ መልሱ ግልጽ ነው። የኢንጄክተር እጥበት ግን ባይሠራ፣ ሞተሩ ደህና እየሄደ እስካለ ድረስ፣ የሚበላሽ ነገር የለም።

የአምራቹ መጽሐፍ ላይ ሁለት ዓይነት የሰርቪስ ጊዜ አለ፤ አንዱ ለመደበኛ አነዳድ፣ ሌላው ለከባድ። ከባድ የሚባለው አቧራ፣ ረጅም ዳገት፣ ሙሉ ጭነት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር ጉዞ ነው። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የሚመላለስ ቪትዝ በአጭር ጉዞው፣ ከቡሬ እህል የሚጭን አይሱዙ በጭነቱ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ የሚወጣ ፒክአፕ በዳገቱ፣ ሁሉም እዚሁ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ከሁለቱ ሠንጠረዥ አጭሩን ይከተሉ።

የፍሬን ዘይት፦ ማንም የማይጠይቀው፣ ሁሉም ሊከፍልለት የሚገባ

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መኪና ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ተሳፋሪና ዕቃ ይዞ 3 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት በሙሉ ፍሬኑ ላይ ቢያርፍ፣ ከ80 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሙቀት ከሸራው ወደ ፒስተኑ፣ ከፒስተኑም ወደ ፍሬን ዘይቱ ያልፋል።

የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ይስባል። ጎማው ቱቦ ውስጥ ሳይቀር እየሠረገ የሚገባውን የአየር እርጥበት እየጠጣ ይኖራል። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ደረቁ 230፣ እርጥቡ 155 ነው። የፈላው ዘይት እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃል። ውጤቱ ሾፌሮች የሚያውቁት ነው፤ ፔዳሉ ይለሰልስና ወለል ይነካል። ሸራው አዲስ ቢሆንም ለውጥ የለውም። ታች ደርሰው ቆም ሲሉና ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ መካኒኩም ፈትሾ «ምንም የለውም» ይላል። ያለው ነገር ዘይቱ ውስጥ ነው።

ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ፣ በረሃውን ለሚመላለስ መኪና በየዓመቱ ያስቀይሩት። ለትንሽ መኪና ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይበቃል። መለየት ያለብዎት «መጨመር» እና «መቀየር» የሚባሉትን ነው። ዕቃው ላይ ትንሽ ጠብ አድርጎ መሙላት መቀየር አይደለም፤ አሮጌው ዘይት ያለው ጎማው አጠገብ፣ ማለትም እሳቱ ያለበት ቦታ ነው። ትክክለኛው ሥራ እንዲህ ይሄዳል። አሮጌው ዘይት ከማስተሩ (ከፍሬኑ ዋና ፓምፕ) ዕቃ በስሪንጅ ይቀዳል፤ አዲስ ይሞላል። ከዚያ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል፤ መሪው በግራ ለሆነ መኪና ብዙውን ጊዜ የኋላ ቀኝ፣ ቀጥሎ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻ የፊት ግራ። በእያንዳንዱ ላይ የሚያሳይ ቀጭን ቱቦ ተሰክቶ ጫፉ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። አንዱ ይረግጣል፣ ሌላው ይፈታል፣ ያጠብቃል፣ እግር ይነሣል። ቡናማው ሄዶ ነጣ ያለ ብጫ እስኪመጣና አረፋው እስኪያልቅ ይቀጥላል። በዚህ መካከል የማስተሩ ዕቃ ባዶ ከሆነ አየር ይገባና ሥራው ከመጀመሪያው ነው።

እዚህ ላይ በብዙ ጋራዥ የሚፈጸም አንድ ስሕተት አለ። አሮጌ መኪና ላይ ፔዳሉን እስከ ወለል መርገጥ በማስተሩ ውስጥ ያለውን የጎማ ማሸጊያ ለዓመታት ነክቶት ወደማያውቅ የዛገ ቦታ ይገፋዋል፤ ማሸጊያው ሊቀደድና ፍሬን ሊጠፋ ይችላል። ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት ማድረግ ይበቃል። ደግሞ ከመደርደሪያ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ ከወረደልዎት አይቀበሉ፤ ሲከርም እርጥበቱን ጠጥቷል። ዶት 3ና ዶት 4 ቢቀላቀሉ ችግር የለም፤ ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይገናኝም። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ጠብ ካለበት ደግሞ በፍሬኑ ውስጥ ያለው የጎማ ማሸጊያ ሁሉ ያብጣል፣ ሙሉውን መቀየር ነው።

ሸራውን በተመለከተ «የፍሬን ጽዳት» ብቻውን የሚከፈልበት ሥራ አይደለም። የሚከፈልበት ጎማ ወልቆ ውፍረቱ ሲለካ ነው። አዲስ የዲስክ ሸራ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 3 ሲደርስ ይቀየራል። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ወጥተው ተጠርገው ሙቀት የሚችል ግራሶ ካልተቀቡ አንዱ ሸራ ያልቃል፣ ሌላው አዲስ እንደሆነ ይቀራል። ዲስክ ቶርኖ ማስመታት የሚያስፈልገው ፔዳሉ ሲረገጥ እግርዎ ሥር የሚመታ ከሆነ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከተመታ በኋላ ዲስኩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት በላይ የሚተርፍ ከሆነ። ከዚያ በታች የተመታ ዲስክ ሙቀት መያዝ አይችልም፣ በረሃው ላይ ይጠመማል።

ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በፎሌ (ማርሽ ሳያስገባ) የሚወርድ ሾፌር ካለ ግን ከላይ የተጻፈው ሁሉ አያድነውም። የወጡበትን ማርሽ ይዞ መውረድ ነጻ ነው።

ሙቀት፦ ኩላንት፣ ታፖ፣ ቴርሞስታት

ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል የሚባለው ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ላይ 94 ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ በ2,400 ሜትር ላይ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። የሞተር መደበኛ የሥራ ሙቀት ደግሞ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ነው። ይህ ማለት ደብረ ማርቆስ ላይ ታፖው የማይጨብጥ፣ ንጹህ ውሃ ብቻ የተሞላ ራዲያተር፣ ሞተሩ ምንም ሕመም ሳይኖረው ሊፈላ ይችላል ማለት ነው።

እንዳይፈላ የሚያደርገው ታፖው ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል፤ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። ባለ 0.9ኙ ደህና ከሆነ ደብረ ማርቆስም ላይ ውሃው 114 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ አይፈላም። ሃያ ዲግሪ የሚበልጥ ልዩነት በአንድ ክዳን! ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከፍተው የታችኛውን ጎማ ይዩት፤ ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ራዲያተሩ አፍ ላይ የሚያርፍበት ክብ መስመር ጠልቆ ከታየ፣ ወይም ስፕሪንጉ በጣት ሲጫኑት ያለ መቋቋም ከገባ ይቀይሩት። መሐሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ክብ ብረት በጥፍር ሳብ ሲያደርጓት ወርዳ ራሷ መመለስ አለባት፤ ካልተመለሰች ሲቀዘቅዝ ከመጠባበቂያው ዕቃ ውሃ አትመልስም፣ ራዲያተሩም በየቀኑ ይጎድላል። ሲገዙ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። «ከፍ ያለው ይሻላል» ብለው 0.9ን በ1.1 ከቀየሩ አሮጌው ራዲያተር ወይም ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል።

ኩላንት ሁለተኛው ነው። ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ የሚፈላበትን ዲግሪ ጥቂት ከፍ ያደርጋል፣ ዋና ጥቅሙ ግን ዝገት መከላከሉ ነው። የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ ሲፈላ ጀበና ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አይተውታል፤ ያው ነገር በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል። ለትንሽ መኪና ከ4 እስከ 6 ሊትር ድብልቅ ይበቃል። መደበኛው ቀይ ወይም አረንጓዴ በየሁለት ዓመቱ ወይም በ40,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ዓይነቱ ሳይታወቅ በአሮጌው ላይ ሌላ መደባለቅ አይገባም፤ አንዳንዱ ይረጋና ቱቦ ይደፍናል። ሲሞላ የማሞቂያው ቁልፍ ሙቅ ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ በርቶ፣ አየሩ እስኪወጣ መጠበቅ አለበት። ይህንን የሚቸኩል ጋራዥ ሙቀት የሚጨምር መኪና ያስረክብዎታል።

ሦስተኛው ቴርሞስታቱ ነው፤ መካኒኩ ላውጣው ሲል እምቢ ይባላል። «ጋሼ፣ ቴርሞስታቱን ላውጣልዎት? ከዚያ በኋላ ጭራሽ አይሞቅም።» ሲሉ ሰምታ ዶሮ በመጫኛ ታንቃ ሞተች ማለት ይህ ነው። ቴርሞስታት ብዙውን ጊዜ 82 ዲግሪ ገደማ ላይ ተከፍቶ ሞተሩን የሥራ ሙቀቱ ላይ የሚያቆይ ነው። ሲወጣ የደብረ ማርቆስ ጠዋት ላይ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሄዳል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይከማቻል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ቶሎ ያልቃል። ለማሞቅ ምክንያት የሆነው የተዘጋ ራዲያተር ወይም የደከመ ፋን ግን ዳገት ላይ ያው እንዳለ ነው። ከተበላሸ በአዲስ ይተካ፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ለመፈተሽ ፈላ ውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ መክፈቱን ማየት በቂ ነው፤ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ውሃው የሚፈላው ከመክፈቻው ዲግሪ በላይ ስለሆነ መከፈት አለበት።

የሞተር ዘይት፦ የትኛው፣ በስንት ኪሎ ሜትር

ይህ የሚከፈልለት መሆኑን ማንም አይከራከርም። ክርክሩ ሚኒራል ወይስ ሲንተቲክ ነው። ሚኒራሉን በ5,000 ኪሎ ሜትር፣ ሲንተቲኩን በአቧራችንና በዳገታችን በ8,000 ያስቡት። የአንድ ሊትር ሲንተቲክ ዋጋ የሚኒራሉን 1.6 እጥፍ ከሆነ በኪሎ ሜትር ሲሰላ እኩል ነው፤ የፊልትሮና የእጅ ዋጋ ሲታከል ትንሽ ከበለጠም ያዋጣል። ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ መኪናዎ ተርቦ የሌለው አሮጌ ኮሮላ ወይም ባለ 5ኤል ሞተር ሃይሩፍ ከሆነ፣ ሚኒራሉን በጊዜው መቀየር ይበልጣል። ተርቦ ላለው ናፍጣ ግን ሲንተቲክ ወይም ከፊል ሲንተቲክ ይሁን።

ውፍረቱን መጽሐፉ ይወስናል። አዲስ ቪትዝ ላይ 20ደብልዩ-50 ማፍሰስ «ሞተሩ ስለጮኸ» የሚሰጥ መፍትሔ ነው፤ ዘይቱ ጠዋት ወደ ሰንሰለቱ መወጠሪያ ቶሎ አይደርስም። መጀመሪያ ያለው ቁጥር ሲያንስ በብርድ ቶሎ ይፈሳል። ለናፍጣ ጣሳው ላይ «ሲ» ብሎ የሚጀምር ደረጃ፣ ለምሳሌ ሲአይ-4፣ ይፈልጉ፤ ለቤንዚን «ኤስ» ብሎ የሚጀምር።

መጠኑ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ባለ 1,000 ሲሲ፣ 1ኬአር ሞተር ያለው ቪትዝ ከፊልትሮው ጋር የሚወስደው 3.1 ሊትር ያህል ነው። 1ኤንዜድ ሞተር ያለው ኮሮላ 3.7። ጣሳው 4 ሊትር ነው። ብዙ ቦታ ጣሳው ሙሉውን ይገለበጣል፣ ባለመኪናውም «ያልተሰረቀ» ዘይት ገባልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ዘይቱ ሲበዛ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ይመታውና አረፋ ይሆናል፤ አረፋ የብረት መሐል አይጠብቅም፣ ግፊቱም ጎማ ሲሎችን ያስለቅቃል። መኪናው ለጥ ባለ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ አምስት ደቂቃ በኋላ፣ መለኪያው ዘንግ ላይ ከሁለቱ ምልክቶች የላይኛው ላይ ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ ከታየ ይበቃል። የተረፈውን ይዘው ይሂዱ።

ፊልትሮው ከዘይቱ ጋር ሁልጊዜ ይቀየራል፤ «በሁለተኛው ይቀየራል» የሚባለውን አይቀበሉ፣ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ነው። ርካሽ አስመሳይ ፊልትሮ ውስጥ ዘይቱ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው ጎማ ስለማይኖር ወይም ደካማ ስለሚሆን ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ለሁለት ሦስት ሰከንድ የሚንኳኳ ድምፅ ይሰማል። ሲገጠም ጎማው ዘይት ተቀብቶ፣ በእጅ ተጠምዝዞ፣ ከነካ በኋላ ሦስት ሩብ ዙር ብቻ። የአሮጌው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከተገጠመ መንገድ ላይ ዘይቱ ሁሉ ይፈሳል፤ ስለዚህ አሮጌውን ገልብጠው ጎማው አብሮ መውጣቱን ይዩ። የታችኛው ቡሎን ራንዴላ በየጊዜው ይቀየር። ቡሎኑን በረጅም ኪያቤ መወጠር ጥርሱን ይበላዋል፣ ከዚያ ኮፑን (የዘይቱን ማጠራቀሚያ) ማውረድ ነው።

ፊልትሮዎች

የአየር ፊልትሮ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው የአቧራ ጊዜ፣ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ወረዳ ለሚገባ መኪና በየ10,000፣ አስፋልት ላይ ብቻ ለሚውል በየ20,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር። በመሐል መንፋት ይቻላል፤ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ቀስ ባለ ግፊት፣ አንድ ሁለት ጊዜ። ከውጭ ወደ ውስጥ የሚነፋ ሰው አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ይቀብረዋል። ከውስጥ የስልክ መብራት አብርተው ይዩት፤ ነጥብ ሆኖ ብርሃን ከበራ ተቀድዷል። አንዲት ቀዳዳ ፊልትሮ ከሌለው አትሻልም፤ አቧራው ሲሊንደሩን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል፣ ሞተሩም ዘይት መብላት ይጀምራል። ናፍጣ ውስጥ ማጠብ የወረቀት ፊልትሮን ይገድላል።

የናፍጣ ፊልትሮ ላይ አይሰስቱ። ማደያ ጠፍቶ ከጀሪካን የተቀዳ ነዳጅ ውሃና ዝቃጭ ሊኖረው ይችላል። አሮጌው ባለ ፖምፓ 5ኤል ይታገሣል፤ ባለ ኮመንሬል ሃይሉክስ ግን ከ1,000 ባር በላይ ግፊት የሚፈጥር ፓምፕ አለው፣ ነጠብጣብ ውሃ ኢንጄክተሩን ይበላዋል። በየ10,000 ይቀየር። የታችኛዋን ታፖ ግማሽ ዙር ፈቶ ውሃውን ወደ ብርጭቆ ማውረድ ደግሞ ራስዎ በየሁለት ሳምንቱ ሊያደርጉት የሚችሉት ነው፤ ከታች የተለየ ንጹህ ሽፋን ከታየ ውሃ ነው። ንጹህ ናፍጣ እስኪመጣ ይልቀቁት፣ ይዝጉ፣ ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ይጫኑ።

የብዙ ቪትዝ የቤንዚን ፊልትሮ ግን ታንከሩ ውስጥ ከፓምፑ ጋር ነው። መኪናው ዳገት ላይ ካልደከመ በሰርቪስ ስም አያስወርዱት። የውስጥ አየር ፊልትሮው ደግሞ ከዳሽቦርዱ ሳጥን ጀርባ በእጅ ይወጣል፤ ለዕቃው እንጂ ለእጅ ዋጋ አይክፈሉ።

የታይሚንግ ቺንጋ

ባለ 5ኤል ሃይሩፍ ወይም ባለ 1ኤችዜድ ላንድክሩዘር ካለዎትና መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ፣ ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ መሥራት ከቻሉ ይህንን ይሥሩ። ጊዜው 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ይጋጫሉ። ቺንጋው ሲቀየር የሚወጥረው ኩሽኔታ አብሮ ይቀየር፤ ኩሽኔታው ተቆልፎ አዲስ ቺንጋ የሚበጥስበት ጊዜ አለ። 1ኬአርና 1ኤንዜድ ሰንሰለት ስላላቸው፣ የአይሱዙ 4ኤችኤፍ1ም ጥርስ በጥርስ ስለሚሠራ፣ ለእነዚህ «የታይሚንግ ቺንጋ ጊዜው ደርሷል» የሚልዎት ሰው ሞተሩን አያውቀውም፤ ሌላውንም ሥራ አይስጡት።

የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት

አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይቱ «ዕድሜ ልክ ነው» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነት ዳገት አይሠራም። በየ40,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር አውርዶ በወረደው ልክ መሙላት ይገባል፤ አንድ ጊዜ የሚወርደው ከጠቅላላው ሲሶ እስከ ግማሽ ያህል ነው። ወሳኙ ዓይነቱ ነው። ሲቪቲ (በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ) ካምቢዮ የራሱ ዘይት አለው፤ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከገባበት ቀበቶው ይንሸራተትና ካምቢዮው ያልቃል። በማሽን አጥቦ ሙሉውን በግፊት መቀየር የሚባለውን ለአሮጌ ካምቢዮ አይምረጡ።

ማንዋል ካምቢዮ ብዙውን ጊዜ ጂኤል-4፣ ዲፈረንሻል ጂኤል-5 ይፈልጋል። ቁጥሩ ስለበለጠ ጂኤል-5ን ካምቢዮ ላይ ማድረግ ነሐሱን ሲንክሮናይዘር ሊበላው ይችላል፤ ከዚያ ማርሽ እየጮኸ ይገባል። ክረምት ወንዝ የተሻገረ አይሱዙ ወይም ፒክአፕ ካለዎት የዲፈረንሻሉን ዘይት ከመስከረም በኋላ ያሳዩ። እንደ ማኪያቶ ከነጣ ውሃ ገብቷል፤ ኪሎ ሜትሩ አልደረሰም ብሎ መጠበቅ የለም።

ጎማና አላይመንት

አላይመንት በየሰርቪሱ አያስፈልግም። የሚከፈልለት መኪናው ለጥ ባለ ቀጥ መንገድ ላይ ወደ አንድ ወገን ሲስብ፣ የጎማው አንድ ጠርዝ ብቻ ሲያልቅ፣ ወይም ቴስቲና (የመሪው ዘንግ ጫፍ) ከተቀየረ በኋላ ነው። ቴስቲናው እየተንቀሳቀሰ የተሠራ አላይመንት ገንዘብ መጣል ነው፤ ከጋራዡ በር ሳይርቁ ይበላሻል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው በግራና በቀኝ ተይዞ ሲወዘወዝ ክፍተት ካለ መጀመሪያ ዕቃው ይቀየር። መሪው ከ80 እስከ 100 ላይ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥያቄው ባላንስ ነው፤ ዋጋውም ያንሳል። በናይትሮጅን መሙላት ከቀረበልዎት፣ ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው ተራ አየርም 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው።

የሚታለፉት

የሞተር ፍላሽ። ዘይቱ ከመውረዱ በፊት የሚጨመረው ማጠቢያ ዘይቱ በጊዜው ለተቀየረ ሞተር የሚያጥበው ነገር የለውም። ለዓመታት ችላ ለተባለ ሞተር ደግሞ ዝቃጩን በአንድ ጊዜ አላቅቆ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ሊደፍን ይችላል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እንዲህ ላለው ሞተር ዘይቱን ሁለት ሦስት ጊዜ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ቀስ ብሎ ያጥበዋል።

የኢንጄክተር እጥበት የሚሠራው ሞተሩ ሲያቃስት፣ ነዳጅ ሲበላ ወይም ሲያጨስ፣ ካንዴላና አየር ፊልትሮ ታይተው ምክንያቱ ሳይገኝ ሲቀር ነው። ካንዴላም ቢሆን ዓይነቱ ይታወቅ፤ ተራው ከ20,000 እስከ 40,000፣ ኢሪዲየሙ 100,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ኢሪዲየምን በብሩሽ ሽቦ ወይም በአሸዋ ወረቀት የሚያጸዳ ሰው እንደ መርፌ የቀጠነችውን ጫፍ ይሰብራታል።

ሞተሩን በግፊት ውሃ ማሳጠብ ላቫጆ ላይ ርካሽ ነው፣ ኋላ ግን ዲናሞ፣ ኮይልና ሶኬት ውስጥ የገባው ውሃ ይከፈልበታል። በናፍጣ ማስጠረግ ደግሞ ቱቦና ጎማውን ያለሰልሳል። የመኪናውን ሆድ ከክረምት ጭቃ በኋላ ማሳጠብ ግን ደግ ነው፤ በዚያው ክሮቼራው (የማዞሪያው ዘንግ መጋጠሚያ) እና የባሌስትራው ፒኖች ግራሶ ይጠጡ፣ አሮጌው ጭቃ የያዘ ግራሶ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ።

ኤሲ ጋዝ መሙላት በየዓመቱ የሚደረግ ነገር አይደለም። ሥርዓቱ ዝግ ነው፣ ጋዝ አይበላም፤ ካነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ። መጀመሪያ ያ ይገኝ።

ባትሪ ላይ ጉዳዩ አጭር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። ሞተሩ በርቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ካልመጣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ዲናሞው ነው፣ አዲስ ባትሪ አይግዙ። ውሃው ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው፤ አሲድ የሚጨምር ሠራተኛ ባትሪውን ለጥቂት ቀን ያነቃዋል፣ ከዚያ ሳህኖቹን ይበላዋል።

ክፍያውን ከመክፈልዎ በፊት

ዕቃውን ራስዎ ገዝተው መውሰድ የሚያዋጣው የዕቃውን ቁጥር ካወቁ ነው። አሮጌው ፊልትሮ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ሱቅ ይሂዱ። ካላወቁ ግን የሚሠራው ሰው ይግዛና ዋስትናው የእሱ ይሁን፤ ያልገጠመ ዕቃ ይዘው ሲመላለሱ የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ። ጋራዥ ከመግባትዎ በፊት አሮጌው የዘይት ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮና ካንዴላዎቹ ላይ በማርከር አንዳንድ ነጥብ ያድርጉ። ሲወጡ አሮጌዎቹን ይጠይቁ፤ ነጥቡ የሚታየው በእጅዎ ባለው አሮጌ ዕቃ ላይ ሳይሆን ኮፈን ተከፍቶ መኪናው ላይ ከሆነ አልተቀየረም።

ማታ ሲያድር ከሞተሩ ሥር ደረቅ ካርቶን ያንጥፉ። ጠዋት ከፊት በኩል ጥቁር ወይም ቡናማ ነጥብ ካለ የታችኛው ቡሎን ወይም ፊልትሮው፣ ቀይ ካለ ካምቢዮው ወይም የመሪው ዘይት፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ የሚጣበቅ ካለ ኩላንት፣ ከጎማ አጠገብ ቀጭን ብጫማ ካለ የፍሬን ዘይት ነው። በዚህ የመጨረሻው መኪናውን አያንቀሳቅሱ፤ መካኒኩ እቤት ይምጣ።